በቢጫው ወረቀት ላይ የኮሪን ጽሕፈት

ኮሪን ላብሬክ ቤት የሚገባ ሰው ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ሴናተር ይሁን፣ ገዥ ይሁን፣ ነገ የአገሪቱን ሠራዊት አዛለሁ የሚል ይሁን፣ ለኮሪን ልዩነት የለውም። «በረዶውን ከነጭቃው ምንጣፌ ላይ ሊዘረግፉት ነው እንዴ?» ትላለች፤ ሰውየውም ጎንበስ ብሎ ክሩን ይፈታል። በአርባ ዓመት ውስጥ ፕሬዝዳንት ሊሆኑ የመጡ ሃያ ሦስት ሰዎችን በካልሲ አይታለች። የአንዱ አውራ ጣት ወጥቶ ነበር። ያን ቀን ሳቋን እንዴት እንደዋጠችው እሷ ታውቃለች።

ቤከር ሆሎው በኒው ሃምፕሻየር ሰሜን ጥግ ጫካ ውስጥ የተወሸቀች መንደር ናት። መራጮቿ ሁለት መቶ አይሞሉም። ሌላ ጊዜ ማንም ዞር ብሎ አያያትም፤ በየአራት ዓመቱ፣ ፓርቲዎቹ የየራሳቸውን ተወዳዳሪ የሚለዩበት የቅድመ ምርጫ በረዶ ሲመጣ ግን ዕጩዎች ይረባረቡባታል። በር ያንኳኳሉ፣ የውሻ ስም በቃላቸው ይይዛሉ፣ የማይወዱትን የባቄላ ወጥ «እንዴት ይጣፍጣል!» እያሉ ይጨርሳሉ። አንዱ ዛሬ ነዳጅ ማደያው ጋ እጅ ሲጨብጥ ከዋለ፣ ሌላው ነገ እዚያው ቆሞ የመኪና መስታወት ይወለውላል።

ኮሪን ይህን ፉክክር ሳሎኗ ድረስ አስገብታዋለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳች ሴት ናት፤ የመንደሩን ግማሽ ሰው ንፍጡን እየጠረገች አድርሳ መልሳዋለች። የሁለቱንም ፓርቲ ዕጩዎች በየተራ ትጋብዛለች። የግብዣውን ወረቀት በእጇ ጽፋ ሱቁ በር ላይ ትለጥፋለች፤ ክብ ክብ ያለ፣ ጅራቱ ወደ ላይ የተቆለመመ ጽሕፈት ነው። ሰው ይሰበሰባል፣ ጫማ ያወልቃል፣ ሾርባ ይጠጣል፣ እንግዳውን በጥያቄ ያፋጥጣል። እሷ ግን ማንን እንደምትመርጥ ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለባሏ ለኦልደን እንኳ። ኩራቷ ይኸው ነበር።

ኦልደን ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርቶ ሳንባውን እዚያው ትቶ የወጣ ሰው ነው። አሁን መስኮት ሥር ተቀምጦ አፍንጫው ውስጥ በገባ ቀጭን ቱቦ ይተነፍሳል። የኦክስጅን ሲሊንደሮቹ በየሳምንቱ ረቡዕ በመኪና ይመጡለታል። ከዋናው መንገድ እስከ ቤታቸው ያለውን ሦስት መቶ እርምጃ የሚጠርግላቸው ጎረቤታቸው ዌንደል ነው፤ ፒካፑ ፊት ላይ በገጠመው የብረት አካፋ በረዶውን እየገፋ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በነጻ። እናቱ የሞተችበት ዓመት ኮሪን አውቶቡሷ የፊት ወንበር ላይ አስቀምጣ ስታጫውተው ከርማለች፤ እሱም ውለታዋን አልረሳም ነበር።

ዘንድሮ መንደሩ ውስጥ አንድ ክፉ ነገር ገባ። ግቢ ለግቢ የተተከሉ የዕጩዎች ስም ያለባቸው ሰሌዳዎች በጥይት ተበስተው ማደር ጀመሩ። የአንዱን ፓርቲ እንግዳ ሊሰማ የመጣ ሰው የሌላውን ሊሰማ አይመጣም። የሁለቱ ፓርቲዎች የድምፅ መስጫ ወረቀት አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ ስለሆነ ሰዉም «ቢጫ» እና «አረንጓዴ» እየተባባለ ይተያይ ጀመር። ዌንደል ከቢጫዎቹ ዕጩዎች የአንዱ የመንደር አስተባባሪ ሆነ። ኮሪን ከአረንጓዴዎቹ ዕጩዎች አንዷን ለመጋበዝ ሱቁ በር ላይ የለጠፈችውን ወረቀት አንድ ሰው በማግሥቱ ለሁለት ቀዶ ግማሹን ወሰደው።

ሴትዮዋ ቅዳሜ መጣች። ኮሪን ዕጩን ሁሉ የምትጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀቻት። «ሆስፒታሉ ከተዘጋ ወዲህ አምቡላንስ እዚህ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?» የዌንደል ዕጩ ባለፈው ሳምንት ለዚሁ ጥያቄ ሩብ ሰዓት ንግግር አድርጎ ነበር። ሴትዮዋ ግን «አላውቅም። ስንት ነው?» አለች።

«ሃምሳ አምስት።»

 ሴትዮዋ በካልሲዋ ሄዳ ኦልደን አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር ጠየቀችው። ያኔ ማንን እንደምትመርጥ የኮሪን ልብ ቆረጠ። በመስኮቱ ስትመለከት ዋናው መንገድ ዳር የዌንደል ፒካፕ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል።

እሑድ ከሰዓት ዌንደል መጣ። ጫማውን አላወለቀም።

«ትናንት አሥራ አንድ ሰው ነበረሽ» አለ። «ቆጠርኳቸው።»

«ታዲያ ገብተህ ሾርባ አትጠጣም ነበር? ብርድ ላይ ምን ይገትርሃል?»

«የነሱን ሾርባ?»

«የኔን ነው፣ አንተ! ያንተ ሰውዬ ሦስት ሳህን የላሰውን።»

ዌንደል ሊስቅ ምንም አልቀረው፤ ግን ተወው። «ማክሰኞ ማታ በረዶ አለ ይላሉ። እስከ ጉልበት። የፒካፔ ነገር ደግሞ እንጃ፣ ዘንድሮ አቅም የለውም። ለኛ ሰዎች ከበቃ ጥሩ ነው።»

«እኛ ማለት እነማን ነን፣ ዌንደል?»

«እሱን ማክሰኞ አንቺ ትነግሪናለሽ።»

«ድምፄ ምስጢር ነው።»

«የምትመርጪው ስም ምስጢር ነው፣ ኮሪንዬ። የወረቀቱን ቀለም ግን መዝገብ ያዧ ሙሪየል ፊት ጮክ ብለሽ ነው የምትጠሪው። እኔም ከኋላሽ እቆማለሁ።» ወደ ኦልደን ዞረ። «በርታ፣ ኦልደን» ብሎት ወጣ። ምንጣፉ ላይ ጥቁር የቦት ዱካ ቀረ።

«የፈለግሽውን ቀለም ጥሪ» አለ ኦልደን። «እኔ እንደሁ ትንፋሼን እየለመንኩ መኖር ለምጃለሁ።»

«ዝም በል፣ አንተ ጅል!» አለችውና ፊቷን አዞረች። ፈርታ ነበር። በሰባ አንድ ዓመቷ፣ ንፍጡን የጠረገችለትን ልጅ ፈራች።

ማክሰኞ የመንደሩ አዳራሽ በሰው ተሞልቷል። ዌንደል እንዳለው ከኋላዋ ቆመ፤ ትንፋሹ ማጅራቷ ላይ ይሰማታል። መዝገቡን የያዘችው ሙሪየል ጣቷን ስሟ ላይ አሳረፈች።

«ላብሬክ፣ ኮሪን። ከሁለቱም ፓርቲ አይደለሽም። የቱን ወረቀት ልስጥሽ?»

 የኦልደን ሲሊንደር መለኪያ መርፌ ጠዋት «ባዶ» የሚለው ቀይ መስመር ጋ ሊደርስ ትንሽ ነበር የቀረው።

«ቢጫ» አለች። ድምጿ ስላልወጣ መድገም ነበረባት። «ቢጫ!»

ዌንደል ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «ጎበዝ!»

መጋረጃው ውስጥ ስትገባ ፊቷ በእፍረት ይነድ ነበር። ቢጫው ወረቀት ላይ የቢጫዎቹ ዕጩዎች ስም ተደርድሯል፤ ከሥር ደግሞ ሌላ ስም መጻፍ ለሚፈልግ የተተወ ባዶ መስመር አለ። ኮሪን መስመሩን አየችው። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሳችና ወለሏ ላይ የተቀመጠችውን ሴት ሙሉ ስም ቀስ ብላ ጻፈች። ወረቀቱን አጥፋ የእንጨት ሣጥኑ ውስጥ ጨመረችው።

በር ላይ ዌንደል ጠበቃት። «ነገ በጠዋት እመጣለሁ» አላት።

መንገዱንም ድምጿንም አተረፈች። መኪናዋን እያዜመች ነዳች፤ ቤት ገብታም ለመጀመሪያ ጊዜ ማንን እንደመረጠች ለኦልደን ነገረችው። ሳል እስኪያፍነው ሳቀ። ሳሉ ሲበርድለት ግን ሳቁ አልተመለሰም።

«ዘንድሮ ድምፅ ቆጣሪዎቹ እነማን ናቸው?» አላት።

ቤከር ሆሎው ማሽን የላትም። ወረቀቱ ረጅም ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ እየተገለጠ፣ በጎረቤት እየተነበበ ነው የሚቆጠረው። ከቆጣሪዎቹ አንዱ ዌንደል ነበር።

«ታዲያ ምን ይሁን? ስሜ የለበት» አለች ኮሪን።

ኦልደን ወደ ፍሪጁ በር አየ። እሷም አየች። ከግብዣ ወረቀቶቹ የተረፈው አንዱ እዚያ ተለጥፏል፤ የሴትዮዋ ስም መሃሉ ላይ፣ ክብ ክብ ብሎ፣ ጅራቱ ተቆልምሞ። ቢጫው ወረቀት ላይም ያንኑ ስም በዚሁ ጽሕፈት ጽፋዋለች። ወደ አዳራሹ ብትመለስ የገባ ወረቀት አይወጣም። ከመሸ በረዶው ጀመረ።

ረቡዕ ሲነጋ እስከ ጉልበት ደርሷል። ፒካፑ ዋናውን መንገድ እየጠረገ መጥቶ የነሱ የፖስታ ሣጥን ጋ ቆመ። ኮሪን የቦቷን ክር ሳታስር በረዶውን እየሰነጠቀች ወጣች። ዌንደል መስኮቱን አወረደ። እጁ ላይ የተቀደደ ወረቀት ይዟል፤ ከሱቁ በር የጠፋው ግማሽ ነበር።

«ጽሕፈትሽ ያምራል፣ ኮሪን» አለ። «ልጅ ሆኜም እወደው ነበር።»

«ዌንደል፣ ዛሬ ረቡዕ ነው። ኦልደን…»

«አውቃለሁ ረቡዕ እንደሆነ።»

መስኮቱን ዘጋ። አካፋውን አውርዶ የዋናውን መንገድ በረዶ ወደ እነሱ መግቢያ ገፋው፤ ተመልሶ ደግሞ ገፋው፤ ክምሩ ደረቷ ድረስ ሲደርስ ሄደ።

አራት ሰዓት ላይ የኦክስጅኑ መኪና ሲመጣ ኮሪን ከክምሩ ወደ ቤት ሃምሳ እርምጃ ቆፍራለች። የሙሪየል መኪና አለፈ፤ ዝግ አለ፣ አየ፣ ሄደ። የኦክስጅኑ ሾፌር ከክምሩ ማዶ «እማማ፣ ያልተጠረገ መንገድ እንዳልገባ ታዝዣለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ ሲሊንደሮቹን በክምሩ ላይ አሳልፎ ሰጣት። የልጆቿን አሮጌ የበረዶ መንሸራተቻ አውጥታ፣ ሲሊንደሮቹን በገመድ አስራበት፣ እየወደቀች እየተነሳች ጎተተች።

ቦቷን ሳታወልቅ ምንጣፉን ረግጣ ገባች፤ ለጫማ ጊዜ አልነበረም። የኦልደን ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል። ቱቦውን ወደ አዲሱ ሲሊንደር አዞረችለት። ቀስ ብሎ ተነፈሰ።

«ስንት ቀን ይበቃል?»

«እስከ ረቡዕ።»

ሬዲዮው ዓርብ ሌላ በረዶ አለ ይላል። ዋናው ምርጫ ኅዳር ላይ ነው፤ ዘጠኝ ወር ይቀራል። ኮሪን ከነቦቷ ወደ መስኮቱ ሄደች። ፒካፑ ተመልሶ ዋናው መንገድ ዳር ቆሟል።