በደረጃ የወጡት በጎች

እስራኤል አገር፣ አሚሻቭ የሚባል ሰፈር ስንገባ፣ ከሕንጻችን ጀርባ፣ የብርቱካኑ እርሻ ከሚጀምርበት ጥግ፣ አንዲት የየመን አይሁድ አሮጊት ፍየልና በግ ያረቡ ነበር። ባላቸው ሞተውባቸዋል። እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው «ዶዳ» እላቸዋለሁ፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። አንድ ቀን ጉልበታቸውን እያሻሹ ብዙ ነገር አወሩኝ። በዚያን ጊዜ ከዕብራይስጥ ትምህርት ቤቱ ይዤ የወጣሁት ቃል «በሰደር»፣ ማለትም «እሺ»፣ ብቻ ስለ ነበር፣ ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር በሰደር አልኳቸው። በማግስቱ ጠዋት በሬን አንኳኩተው ዱላ ሲያስጨብጡኝ ነው ምን እሺ እንዳልኩ የገባኝ።

ከጎንደር የመጣ ሁሉ እረኛ ይመስላቸው ነበር። እኔ ግን የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ፤ ጭቃ ሳቦካ ነው ያደግሁት። ፍየልን በቅርብ የማውቃት ወጥ ሆና ስትመጣ ነው። ይህን የምናገርበት ዕብራይስጥ ከየት ይምጣ?

በጎቹስ ደጎች ናቸው። ችግሩ አንዲት ጥቁር ፍየል ነበረች፤ እሷ በሄደችበት ሁሉም ይሄዳል። ዶዳ ሣር ያለበትን ሜዳ በጣታቸው አሳይተውኝ ነበር፤ ፍየሏ ግን ወደ ሕንጻዎቹ ታጠፈች። ተመለሽ ብዬ በአማርኛ ለመንኳት። ዞር ብላ አየችኝና ገመድ ላይ የተሰጣ የሰው ሸሚዝ እጅጌ ማኘክ ጀመረች። ዱላዬን ብወረውር የቆሻሻውን በርሜል መታሁት። በድምፁ መንጋው ደነበረ፤ ፍየሏ በሕንጻችን በር ጥልቅ አለች፤ በጎቹም ተከተሏት።

በግ ደረጃ መውጣት አያቅተውም፤ መውረዱን ግን ይፈራል። ላይኛው ፎቅ ደርሰው መሄጃ ሲያጡ ቆሙ፤ ደረጃው ከላይ እስከ ታች በጠጥ ሆነ። ብስብም ብገፋም ንቅንቅ የለም። አንዲት ጎረቤታችን በሯን ከፍታ በጉን ስታይ መልሳ ዘጋች። ከሩማንያ የመጣች ሴት ናት፤ እስከዚያ ቀን ሰላምታ እንኳ አልነበረንም። ጥቂት ቆይታ እጅጌዋን ሰብስባ ወጣች። እሷ በኋላ እግሩ፣ እኔ በፊት እግሩ ይዘን አንዱን በግ እንደ በሽተኛ ተሸክመን አወረድነው። ሁለተኛውን ይዘን መሐል ላይ ስንደርስ ሳቅ ያዘን፤ አስቀምጠነው ደረጃው ላይ ቁጭ አልን። በጉ ተመልሶ ወጣ።

ባሌ ለምሳ ሲመጣ እዚያው አገኘን። እሱ እረኝነት ያደገበት ነው። ዙሪያውን አየና፣

«ፍየሏን አውርጂያት እንጂ፣ በጎቹ ምን በደሉ?» አለኝ።

ከቤት ዳቦ አምጥቶ አፍንጫዋ ላይ እያሳየ አወረዳት። በጎቹ እየተረጋገጡ፣ እየተንሸራተቱ ተከትለዋት ጎረፉ።

ዶዳ እያነከሱ ሲደርሱ እኔና ጎረቤቴ ደረጃውን እያጠብን ነበር። እረኛ አለመሆኔን እንዲነግርልኝ ባሌን ለመንኩት። በተሰባበረ ዕብራይስጡ ነገራቸው። እንባቸው እስኪፈስ ስቀው የመለሱትን ለእኔ ተረጎመልኝ፦

«ዱላውን ስትይዢው አውቄያለሁ። እኔስ እረኛ መች ነበርኩ? ባሌ ነው ጥሎብኝ የሄደው።»

በሁለተኛው ቀን ስወጣ ሩማንያዊቷ ቦት ጫማ አድርጋ በር ላይ ጠበቀችኝ። ያን የዝናብ ወራት በጎቹን አብረን ጠበቅን። ሜዳው ላይ ያየነውን ሁሉ በዕብራይስጥ እየጠራች ታስጠናኛለች፤ እኔም ከኋላዋ እደግማለሁ። ፀደይ ሲገባ አስተማሪያችን የዕብራይስጥ አነጋገሬን ሰምታ፣ ከኢትዮጵያ የመጣሽው በሩማንያ በኩል ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።