ጽዋው ሞጣ ሳለ

አሁን በምሠራበት የባሕር ዳር መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ አንድ አሮጌ የፎቶ ኮፒ ማሽን አለ፣ ሥራ ሲበዛበት ይግልና የተቃጠለ አቧራና የቀለም ሽታ ያወጣል። ባልደረቦቼ «ኧረ መስኮት ክፈቱ!» እያሉ አፍንጫቸውን ሲይዙ እኔ ሰበብ ፈልጌ እጠጋዋለሁ። የአባቴ ሱቅ ሽታ ነው። ከቆርቆሮው ላይ የሚንጋጋው የቢቸና ዝናብ፣ ደንበኞች ይዘውት የሚገቡት የእርጥብ ጋቢ ጠረንና የሁለት ወንድ ልጆች ጩኸት ሁሉ አብረውት ይመጣሉ።

ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ነበር። አባቴ በወጣትነቱ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ የሰው ማመልከቻ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ነበርና፣ ዘመኑ ሲለወጥ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን ገዝቶ ያንኑ ሥራ ወደ ቤቱ አስገባው። የሌላውን ሰው በደል በሦስት መስመር አሳምሮ መጻፍ ይችልበት ነበር፣ የራሱን ግን አንድም ቀን ጽፎ አላየሁትም። ደንበኛ ሲሳሳ አሮጌው ኮምፒውተር ለታላቅ ወንድሜ ለይበልጣል ይለቀቅለት ነበር። ክረምት ሲገባ ደግሞ የአጎቴ የጋሼ አለኸኝ ልጅ ሙሉቀን ከሞጣ በአውቶቡስ መጥቶ፣ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ከእኛ ጋር ይከርም ነበር። እሱና ይበልጣል እኩዮች ነበሩ፣ በአንድ ፍራሽ ይተኛሉ፣ በአንድ ወንበር ላይ ተጣብቀው ይቀመጣሉ፣ ሲጣሉም የሚጣሉት በዚያችው ወንበር ነበር።

ጨዋታውን ያመጣው ሙሉቀን ነው። ከመላው ዓለም ሰዎች ጋር በኢንተርኔት የሚጫወቱት የጠፈር ጦርነት ነበር፤ አንድ ፕላኔት ይሰጥሃል፣ ብረትና ነዳጅ ታወጣለህ፣ መርከብ ትሠራለህ፣ ብቻህን ከሆንክ ግን ባለ ብዙ መርከቡ መጥቶ ይዘርፍሃልና ኅብረት ውስጥ መግባት ግድ ነው። መርከቦቹ ከፕላኔት ፕላኔት ለመድረስ ሰዓታት ስለሚፈጁ፣ አንተ ተኝተህም፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደህም፣ መብራት ጠፍቶብህም ጨዋታው አይቆምም። ይበልጣል ፕላኔቶቹን በአካባቢያችን ከተሞች ስም ቢቸናና የጥኖራ አላቸው፣ ሙሉቀን ደግሞ ሞጣና ግንደወይን። ለእኔም እንዳላለቅስ ተብሎ አንዲት ትንሽ ተከፈተችልኝና ደጀን ብዬ ሰየምኳት፣ እስከዚያ ዕድሜዬ ካየኋቸው ከተሞች ሁሉ መኪና የሚበዛባት እሷ ነበረች።

አንድ ቀን ይበልጣል ከወንበሩ ዘሎ «የጥኖራ ተወረረች! የጥኖራ እየነደደች ነው!» ብሎ ሲጮህ፣ ልጃቸውን እዚያ የዳሩ አንድ ሽማግሌ ማመልከቻቸውን ጥለው «ኧረ ልጄን! ማን ገባባት?» እያሉ ወደ በሩ ሮጡ። አባቴ ተከትሎ ይዟቸው፣ አረጋግቶ አስቀምጦ፣ ሻይ አስመጥቶላቸው፣ እኛን አንድ አንድ ኩርኩም አቀመሰን። ማታ ግን ለእናቴ ሲነግራት ከሳቁ ብዛት ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ።

ኅብረታችንን ያቋቋምነው ከቤታችን የምናውቀውን ይዘን ነበር። አባቴ የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኛ ነበርና በየወሩ ተረኛው ደግሶ ያበላል፣ ጽዋውን ለሚቀጥለው ያስረክባል፣ ማኅበርተኞቹም አጅበው እስከ ተቀባዩ ቤት ይሸኙታል፤ ተራ አይዘለልም፣ ከተራው በላይም ጽዋ ይዞ የሚቀመጥ የለም። ጨዋታው ደግሞ ኅብረት አንድ አለቃ ይኑረው ይላል፣ ወዳጅ የሚመርጠው፣ ጦር የሚያውጀው፣ አባል የሚያስወጣው እሱ ብቻ ነው። በሌሎቹ ኅብረቶች አለቃ እስኪገለበጥ አለቃ ነበር። እኛ ግን አለቅነቱን ጽዋ ብለነው በየወሩ በሚካኤል ቀን ለተረኛው እናስረክብ ነበር፣ ለእኔ ሳይቀር ይደርሰኝ ነበር። ከእኛ ጋር የተደባለቁ የማናውቃቸው የውጭ ሰዎች ነበሩ። ከሁሉም ብርቱ የነበረው፣ አገሩን ያልነገረን አንድ ሰው፣ «አለቃ በየወሩ ለምን ትቀይራላችሁ? አደጋ አለው» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጽፍልን፣ ይበልጣል መዝገበ ቃላት ገልጦ «በእኛ አገር እንዲህ ነው» ብሎ መለሰለት። ሰውዬውም ሌላ አልጠየቀም።

መስከረም ጠብቶ ሙሉቀን ወደ ሞጣ ተመለሰና ከአባቱ የእህል ሱቅ አጠገብ ካለ ኢንተርኔት ቤት ሆኖ ይጫወት ጀመር። በጥቅምት ግን ነገር መጣ። አያታችን ሲሞቱ ግንደወይን አጠገብ ለሁለቱ ልጆቻቸው የተዉት የባሕር ዛፍ ነበር። ጋሼ አለኸኝ የአያታችን ቤት ጣሪያ ሊወድቅ ነው ብሎ ዛፉን አስቆርጦ ሸጠው፣ አባቴም ወሬውን ከአውቶቡስ ከወረደ መንገደኛ ሰማ። «ስለ ገንዘቡ አይደለም» ይል ነበር ራቱን ገፍቶ፣ «ምሳር ከማንሳቱ በፊት አንድ ቃል! አንድ ቃል ለወንድሙ!» ጋሼ አለኸኝ በበኩሉ፣ ታላቅ ሆኜ ለታናሼ ፈቃድ አልጠይቅም ብሏል ተባለ። ከዚያ ወዲያ በሁለቱ ወንድማማቾች መካከል ስልክ አልተደወለም፣ በዓል አብሮ አልተዋለም።

በጋው እንደዚያ ቀዝቅዞ ገባና በሁለቱ ቤት መካከል ጨዋታው ብቻ ቀረ። መጀመሪያ የተጠቀመችበት እናቴ ናት፣ በሱቁ በኩል ስታልፍ ቆም ትልና «እስቲ የእናቱ እግር ተሻላት ወይ በለው» ትል ነበር። ይበልጣል በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ እየጻፈ፣ የአክስቴን እግር ከነዳጅና ከመርከብ ወሬ ጋር ቀላቅሎ ይልከዋል፣ መልሱም እንዲሁ ተቀላቅሎ ይመጣል። ከጥምቀት በኋላ ደግሞ አባቴ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ከኋላችን መቆም ጀመረ።

«ምን አሉ?» አለ አንድ ቀን፣ እነማን እንደሆኑ ሳይጠራ።

«ደህና ነን ብለዋል አባባ።»

«በል… ዘንድሮ እህሉ እንዴት ሆነላቸው፣ በላቸው።»

«አባባ ነው የጠየቀው ልበል?»

«የለም፣ የለም። ዝም ብለህ ጻፍ።»

መልሱ በማግስቱ መጣ፤ «ደህና ነው። አባዬ ደግሞ የእናንተ ጤፍ እንዴት ነው ይላል፣ ግን እሱ እንደጠየቀ አትናገሩ ብሏል።» ይበልጣል ጮክ ብሎ ሲያነበው አባቴ ወደ ማሽኑ ዞረ፣ የአንድ ደንበኛ ወረቀት አንድ ቅጂ በቂ ሆኖ ሳለ ደጋግሞ አባዛው።

በጨዋታው ውስጥ ግን ወዳጅና ጠላት ይለዋወጥ ነበር። ባንዲራቸው ጥቁር ስለሆነ ጥቁሮቹ የምንላቸው ትልቅ ኅብረት ነበሩ፣ በኅዳር አቃጠሉን፣ በጥር ሌላ ጠላት ስለመጣባቸው ወዳጅ ሆኑን፣ በየካቲት ያ ጠላት ሲሸነፍ ተመልሰው ዞሩብን። ይበልጣል ይህንን ሲያስረዳት እናቴ «ይሄማ የርስት ሙግት ነው እንጂ ምን ጨዋታ ይባላል» አለችው። እሱ ይሄን መገለባበጥ ይወደው ነበር። እኔ ግን ማን ማንን እንዳሸነፈ ብዙም አያስጨንቀኝም ነበር፤ የምፈልገው ክረምት ሲመጣ ሙሉቀን ከአውቶቡስ ወርዶ በዚያ በር እንዲገባ ነበር።

በዐቢይ ጾም እናቴ አባቴን አላስቀምጥ አለችው። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ትለዋለች ከቤተ ክርስቲያን በተመለሰ ቁጥር። በመጨረሻም ሽማግሌዎች ገቡበትና ወንድማማቾቹ ለዳግም ትንሣኤ ግንደወይን፣ በአያታችን ቤት ተገናኝተው ሊታረቁ ቀን ተቆረጠ። አባቴ ለጋሼ አለኸኝ የሚሰጠው አንድ ጋቢ አሠርቶ ሳጥን ውስጥ አኖረ። እኔ በየቀኑ ሳጥኑን እየከፈትኩ ጋቢው መኖሩን አይ ነበር።

በዚያ ወር ጽዋው ሞጣ ነበር፣ የሙሉቀን ተራ። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ እናቴ «በጌታ ሕማም ጦርነት?» ብላ ኮምፒውተሩን አስዘጋችው፣ ሞጣም እንደዚሁ እንደሚሆን እናውቅ ስለነበር አላሳሰበንም። ከፋሲካ ማግስት ስንከፍተው ቢቸናና የጥኖራ ዐመድ ሆነዋል። ጽዋው በዚያ አገሩን ባልነገረን ሰው እጅ ነው፣ ሰውዬው ከጥቁሮቹ ጋር ታርቆ የእኛን ፕላኔቶች አሳልፎ ሰጥቷቸዋል። የሙሉቀን ሞጣና ግንደወይን ግን ምንም አልተነኩም።

ይበልጣል ፊቱ ጠቆረ። ወደ ሙሉቀን ስልክ ደወለ፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም አለችው ሴትዮዋ። ደጋግሞ ደወለ።

«ቆይ እስቲ፣ መስመር ጠፍቶባቸው ይሆናል» አልኩት።

«መስመር ከጠፋ ጽዋውን ለሰውዬው ማን ሰጠው? በእግሩ ሄደ?» አለኝ።

ዕለቱኑ ኅብረቱን ጥሎ ወጥቶ፣ ያቃጠሉትን ጥቁሮቹን ለምኖ ገባ፣ የሙሉቀንን መርከቦች የት እንዳሉ፣ ነዳጁ የት እንደተከማቸ ያውቅ ነበርና መርቷቸው ሄደ። ሐሙስ ላይ ሞጣ ነደደች፣ ዓርብ ግንደወይን። ራት ላይ አባቴ የእሁዱን መንገድ ለእናቴ ሲያወራ፣ ይበልጣል ጉርሻውን አስቀምጦ «ምን ይሄዳሉ አባባ? ሸጡን እኮ። ሙሉቀን ሳይነግረን ሸጠን» አለው። አባቴ ስለ ፕላኔት ምንም አያውቅም፣ «ሳይነግረን» የምትለዋን ቃል ግን ያውቃታል። «ባሕር ዛፉን የሸጠ አባት ልጁን ሌላ ምን ሊያስተምረው ኖሯል» አለ። እናቴ ለመነችው፣ እኔም አለቀስኩ። እሁድ አባቴ አልሄደም።

በሚቀጥለው ሳምንት የሙሉቀን ስም ጨዋታው ላይ በራ፣ ገብቷል ማለት ነው። የጻፈውን አልረሳሁትም፤ «ከሆሣዕና ጀምሮ በነፋስ ምሰሶ ወድቆ ኢንተርኔትም ስልክም አልነበረም። ምን ሆናችሁ? አባዬ ግንደወይን በግ አርዶ ከሽማግሌዎቹ ጋር እስኪመሽ ሲጠብቃችሁ ዋለ።» ከዚያ ጥቂት ቆየ። ፕላኔቶቹን የከፈተው ያን ጊዜ ይመስለኛል። «ይቤ፣ አንተ ነህ?» ይላል የመጨረሻው። ይበልጣል እጁን ከመጻፊያው ላይ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ አልመለሰለትም።

የጨዋታውን ሕግ ቁጭ ብዬ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። አለቃ ለጥቂት ቀናት ሳይገባ ከቀረ አለቅነቱ በራሱ ለብርቱው አባል ያልፋል ይላል። ተራችንን እንጠብቅ ነበርና ያለ አለቃ የዋልንበት ቀን ስላልነበረ ማናችንም አላወቅነውም ነበር። የሙሉቀን ፕላኔቶች ሳይነኩ የቆዩትም ጥቁሮቹ ገና ስላልደረሱባቸው ብቻ ነበር። አባቴ የሙሉቀንን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አስነበበኝ፣ በማግስቱ ሽማግሌዎቹን እንደገና ላከ። ጋሼ አለኸኝ ግን በአገር ፊት ተዋርጄ በቁሜ አላየውም ብሎ ምሎ ነበርና መሐላውን አላፈረሰም።

በዚያ ክረምት የሞጣ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅ ነበር። ሙሉቀን አልመጣም፣ በተከተለውም ክረምት አልመጣም፣ ከዚያ መጠበቁንም ተውኩት። ጋሼ አለኸኝ የሞተ ጊዜ አባቴ ያንን ጋቢ በፌስታል ይዞ ሄደ፤ መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶበት ሲደርስ ቀብሩ ተፈጽሞ ነበር። ጋቢውን ይዞት ተመለሰ፣ እስከ ዛሬ ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ማንም አይለብሰውም።

አሁን ሱቁ ተዘግቷል። ይበልጣል ደጀን ላይ የጭነት መኪና ይጠግናል፣ ስለዚያ ጨዋታ ሳነሳበት ወሬ ይቀይራል። መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ስልኩ ሲመጣና ሲጠፋ የሙሉቀን ወሬ ተቆርጧል። ከሞጣ የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፣ አንዱ አገር ለቆ ሄዷል ይለኛል፣ ሌላው አንገቱን ደፍቶ አላውቅም ይላል፣ አክስቴም የምታውቀው ከዚህ አይበልጥም። ያኔ የሁለት ሳምንት መስመር መጥፋት ሁለት ቤት አፈረሰ፣ ዛሬ ወር ሙሉ ሲጠፋ የሚደነቅ የለም።

በቅርቡ የመሥሪያ ቤቱን ዋይፋይ አግኝቼ የጨዋታውን ገጽ ከፈትኩት፣ አሁንም አለ። ያ ሰውዬ ኅብረቱን ትቶ ሄዷል፣ ሌሎቹም አንድ በአንድ ወጥተዋል፣ የቀረነው ሁለት ስም ነን፤ ማንም ከቁም ነገር ስላልቆጠራት የተረፈችው የእኔ ደጀንና ጠቁሮ የቀረው የሙሉቀን ስም። ገና እንደገባሁ ጨዋታው አለቅነቱን ለእኔ ሰጠኝ። እኛ ቤት ደግሞ ጽዋ ይዞ መቀመጥ ነውር ነው፣ ስለዚህ በሚካኤል ቀን ለተረኛው አስረከብኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያው ሕግ መልሶ ለእኔ አመጣው። በተከታዩ ወር እንደገና ሰጠሁት፣ እንደገና ተመለሰ፣ እኔም አሁን ድረስ በየወሩ እሰጠዋለሁ።