በየኔታ ፈንታ የመለስኩት

ሐኪሟ ባሕር ዳር ተቀምጣ፣ እኔ ንፋስ መውጫ መድኃኒት ቤቴ ውስጥ ሆኜ በሽተኛ ማሳየት ከጀመርን ወዲህ አንድ ነገር ገብቶኛል፤ የጋይንት ሰው ደህና ነው። ሁሉም ደህና ነው። በቃሬዛ የመጣውም ደህና ነው። ዶክተሯ ስክሪኑ ላይ ብቅ ብላ «እንደምን ነዎት አባቴ?» ስትል፣ ግፊቱ ጣሪያ የነካው ሰውዬ ከወንበሩ ብድግ ይልና ባርኔጣውን አውልቆ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እናንተስ እንደምን ናችሁ? ልጆች ደህና ናቸው? ከብቱስ?» ይላል። ዶክተሯ ልጅም ከብትም የላትም። በመጀመሪያው ሰሞን ግን ግራ ስለገባት «ሁሉም ደህና ናቸው» ብላ ትመልስ ነበር።

አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከመደርደሪያው ጀርባ በመጋረጃ የከለልኩት ጥግ አለ። እዚያ ወንበር፣ ታብሌት፣ የግፊት መለኪያ፣ የሙቀት መለኪያና የእጅ ባትሪ አስቀምጫለሁ። ዶክተሯ ትጠይቃለች፤ እኔ እለካለሁ፣ ባትሪ አበራለሁ፣ ያበጠ እግር ወደ ካሜራው አነሳለሁ። መድኃኒት ስታዝ ከመደርደሪያው አውርጄ አወሳሰዱን አስረዳለሁ። መልስ መስጠት ሥራዬ አልነበረም። ግን ሰው ሁሉ ደህና ነኝ ካለ ማን ይናገር? «ኧረ ዶክተር፣ ሌሊቱን ሲያስላቸው ነው ያደረው፣ ባለቤታቸው ነግራኛለች» እላለሁ። እንዲህ እያልኩ የአገሩ ሁሉ አፍ ሆኜ ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር አልከፋኝም። ምላሴ ድሮም እረፍት አያውቅም።

መጋረጃው ደግሞ መጋረጃ ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይሰማል። መስማት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ሐሳብም ይሰጣል። ቀስ ብላችሁ አውሩ ብል ማን ሰምቶኝ።

የኔታ የመጡት ዐቢይ ጾም እንደገባ ነው። ከዚሁ ከጋይንቷ ቤተ ልሔም ወዲህ ባለች አንዲት ደብር ዜማ ያስተምራሉ። ተማሪዎቹ ወደ ቤተ ልሔሙ ትልቅ የዜማ ጉባኤ ከመሻገራቸው በፊት ድምፃቸውን የሚገሩት እሳቸው ዘንድ ነው። እስከ መኪናው መንገድ በበቅሎ፣ ከዚያ በሚኒባስ መጥተው፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ገቡና «ልጄ» አሉኝ። ደነገጥኩ። ድምፁ የሳቸው አልነበረም። ደረቅ ገለባ ሲረገጥ የሚሰማው ዓይነት ነበር። እኔ የማውቀው ያን ሁሉ የጥምቀት ሕዝብ ያለ ድምፅ ማጉያ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመውን ነው።

ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ እንዲሁ ነበሩ። ጠበል ጠጡ፣ ዝንጅብል አኘኩ፣ ጤና አዳም አሸተቱ፤ ምንም አልተለወጠም። ጉዳዩ የጉሮሮ ብቻ አልነበረም። ዜማ የሚተላለፈው በጆሮ ነው፤ መምህሩ ያዜማል፣ ተማሪው ይቀበላል። መምህሩ ድምፅ ካጣ ተማሪው አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ሌላ መምህር ፍለጋ ይሄዳል። ሁለቱ ሄደዋል። «የቀሩትም ዓይናቸው መንገድ መንገዱን ያያል» አሉኝ። ከዚህ ሌላ የሚያውቁት ሥራ፣ ከነዚያ ተማሪዎች ሌላም ልጅ የላቸውም።

ታብሌቱን ከፈትኩ። ዶክተሯ እንደ ሥርዓቷ ጀመረች። ሲውጡ ያምዎታል? ከስተዋል? ደም ይተፋሉ? ለሁሉም እኔ መለስኩ፤ አስቀድሜ ጠይቄያቸው ነበርና። ከዚያ «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ብላ አረፈች።

ከመጋረጃው ወዲያ «በስመ አብ!» ተባለ። እግራቸውን ሊያሳዩ ከስማዳ የመጡ ሴትዮ ናቸው።

«ዶክተር፣ የኔታ እኮ ናቸው!» አልኩ፣ ራሴ የተሰደብኩ ይመስል።

«ሁሉንም ነው የምጠይቀው» አለች።

የኔታ ግን ወደ ካሜራው ጠጋ ብለው በዚያ በተሰባበረ ድምፅ «እኔ የማውቀው ጢስ የዕጣን ነው፣ ልጄ» አሏት። ዶክተሯ ሳቋን ለመደበቅ ወረቀት ፍለጋ አጎነበሰች።

በባትሪዬ አፋቸውን አሳየኋት። ድምፅ የሚሠራው ከዚያ በታች ስለሆነ በባትሪ አይታይም፤ በቀጭን ካሜራ ነው የሚታየው፣ እሱም ያለው ከተማ ነው አለች። ለጊዜው ግን ትእዛዟ አንድ ነበር፤ ዝምታ። ቀጠሯቸው እስኪደርስ አንዲት ቃል እንዳይወጣቸው። ውሃ በብዛት። ካልተሻላቸው ባሕር ዳር መሄድ ግድ ነው፤ «ክፉ ነገር አለመሆኑን ማረጋገጥ አለብን» አለች። የዜማ መምህርን ዝም በል ማለት በሬን አትረስ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ የኔታ ግን እጅ ነስተው ተቀበሉ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሲመጡ በእጃቸው ብቻ ሰላም አሉኝ። ደስ አለኝ። መልሱን ሁሉ እኔ ልሰጥ ነዋ! ዕድሜያቸው? «ሰባ አልፏል!» እንቅልፍስ? «ማንኮራፋታቸው ተማሪ አያስተኛም!» ውሃ ይጠጣሉ? «ቀኑን ሙሉ!» ዝም ብለዋል? «ድንጋይ ሆነዋል ዶክተር፤ ተማሪ ሲሳሳት እንኳ በመቋሚያቸው መሬት መታ ነው የሚያደርጉት።» ይህችን ያመጣቸው ሰው ነግሮኛል። ያስፈራቸው ነገር ይኖር ይሆን? «የኔታ ምን ይፈራሉ!» አልኩ አፌን ሞልቼ።

«እንግዲህ እስኪ አንድ ቃል ይናገሩ አባቴ» አለች ዶክተሯ።

የኔታ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ያው ገለባ ነው። እንዲያውም ብሶበታል። የዶክተሯ ፊት ተለወጠ። ባሕር ዳር ቀጠሮ አስይዛለሁ አለች፣ በጣም በትሕትና። ሐኪም ትሕትና ሲያበዛ አልወድም። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁና ዝም ብዬ የሳል ሽሮፕ መደርደር ጀመርኩ፤ የተደረደረውን።

ሚኒባሱ እስኪሞላ የኔታ አግዳሚው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ዳዊታቸውን ከማህደሩ አወጡና ገለጡ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር ሰማሁ። እስስስ የሚል፣ ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማው ዓይነት። መድኃኒት እያሸግሁ ዞር ስል ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ የአንገታቸው ሥር ተገትሯል።

«የኔታ! ምን እያደረጉ ነው?»

በመገረም አዩኝ። ከዚያ በሹክሹክታ «ጸሎት ነዋ» አሉ።

«ዝም ይበሉ አልተባሉም?»

«ዝም ብያለሁ። ካንድ ሰው ጋር አልተነጋገርኩም። የማነበው በለሆሳስ ነው።»

እኔ የመድኃኒት ባለሙያዋ፣ ምላሴ የማያርፈው፣ ይህን መጠየቅ እንዴት እንዳልመጣልኝ! ለሳቸው ንግግር ማለት ከሰው ጋር የሚደረግ ነው። ከእግዚአብሔር ጋር ያለውን ማን ንግግር ይለዋል? ያውም በለሆሳስ። ዳዊቱን፣ ውዳሴ ማርያሙን፣ ሰዓታቱን፣ ከሌሊት እስከ ማታ ያንን ሁሉ በዚያ በተጎዳ ጉሮሮ ሲተነፍሱት ከርመዋል። መናገር ስለተከለከሉ ደግሞ የተረፈውን ጊዜ ሁሉ ለጸሎት አድርገውታል።

ተራ የደረሰውን ሰውዬ «ይቅርታ» ብዬ ከወንበሩ አስነሳሁትና ዶክተሯን መልሼ ደወልኩላት። ነገሩን ስነግራት ዓይኗን ጨፈነች። ሹክሹክታ ለተጎዳ ድምፅ ከመናገር አይሻልም፣ ሊብስም ይችላል አለች።

«እንግዲያው አባቴ፣ በልብዎ ይጸልዩ።»

የኔታ ተጨነቁ። ሥራ ከጀመርኩበት ቀን ጀምሮ ካየኋቸው ሕመምተኞች ሁሉ እንደዚያ የተጨነቀ አላየሁም። «በልብ ብቻ?» አሉ። «ጆሮዬ ካልሰማው ስሳሳት ማን ያርመኛል?»

እኔ መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት ዶክተሯ ቀደመችኝ። «የሚሰማዎት እሱ ያርምዎታል» አለች።

የኔታ ዳዊቱን ዘግተው ወደ ማህደሩ መለሱት፣ እጅም ነሱ። የባሕር ዳሩ ቀጠሮ እንዳለ ሆኖ እስከ ሆሳዕና ዋዜማ እንዲሞክሩት ተስማማን።

እነዚያን ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ አገር የመጣ ገበያተኛ ባገኘሁ ቁጥር «የኔታ እንዴት ናቸው?» እላለሁ፤ «ዝም ብለዋል» ይለኛል። መልካም ዜና ይሁን መርዶ በምን ይታወቃል?

በቀጠሯቸው ቀን መጡ። አግዳሚው ሞልቶ ነበር፣ ወሬውም ቀድሟቸው ደርሷል። መጋረጃውን ስስበው አንድ ሰው ከወዲያ በኩል መልሶ ገርበብ አደረገው፤ ዝም አልኩት። ዶክተሯ «ምንም ሳይጨነቁ፣ ሳይጮኹ፣ ያሻዎትን ይናገሩ» አለቻቸው።

የኔታ ፊታቸውን ከስክሪኑ ወደ እኔ አዞሩ።

«በመጀመሪያ» አሉ። ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ንጹሕ። ገለባ የለበትም። «በመጀመሪያ፣ ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል ብለሻታል። አላለፈም። ሁለተኛ፣ ውሃ ቀኑን ሙሉ ይጠጣሉ ብለሻታል። ጾም ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ማን ይጠጣል? ሦስተኛ፣ ማንኮራፋታቸው ተማሪ አያስተኛም ብለሻታል። ማን ነገረሽ?»

ማንም አልነገረኝም። መስሎኝ ነው።

ተማሪ እስኪጨርስ ጠብቀው ስሕተቱን ከነተራው መንገር ልማዳቸው ነው። የእኔን ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ በዝምታ ሲያጠራቅሙት ኖረዋል። ከመጋረጃው ወዲያ ሰው ይስቃል፣ ዶክተሯ ዕንባዋን ትጠርጋለች፣ እኔ ፊቴ ግሏል፣ ደስታዬ ግን ወሰን አልነበረውም። ይውረዱብኝ፣ እስከ ማታ ይውረዱብኝ!

«አራተኛ» አሉና ቆሙ። መቋሚያቸውን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አልፈሩም ብለሻታል። ፈርቼ ነበር።»

ሳቁ ቆመ። ስንት ሕዝብ ፊት የሚቆሙ ሰው፣ እዚያ መጋረጃ ሥር፣ ሰው ሁሉ እየሰማቸው ነው ይህን ያሉት።

ዶክተሯ ለእርግጠኝነቱ ከፋሲካ በኋላ ባሕር ዳር አንዴ መታየት እንዳለባቸው፣ እስከዚያ ድምፃቸውን በጥቂት በጥቂቱ እንዲያወጡ ነገረቻቸው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አሁንስ አባቴ? ይፈራሉ?» አለች።

አፌን በእጄ ያዝኩ።

«አሁንማ» አሉ የኔታ ከወንበሩ እየተነሡ፣ «ተማሪ ይጠብቀኛል።»