በስልክ ሽቦ የመጡ ጎረቤቶች

ባለፈው ሳምንት፣ ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክላራ ከተማ በምሠራበት ቢሮ ምድር ቤት የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ይሠራ እንደሆነ ልንሞክረው ሰካነው። ትንሽ ቆይቶ የጋለ አቧራና የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ። ምናልባት ታውቁት ይሆናል። እኔን ግን ኦክላንድ፣ ከቴሌግራፍ ጎዳና ጀርባ ወደነበረችው ጠባብ ኩሽናችን መለሰኝ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

አባቴ ያን ጊዜ ቢሮ ያጸዳ ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ ሊጣል የነበረ ኮምፒውተር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፎት ገባ። ያኔ ኢንተርኔት በስልክ ሽቦ ነበር የሚመጣው፤ መሰኪያውም ኩሽና ስለነበር ከሽንኩርቱ ቅርጫት ጎን አስቀመጥነው። ኢንተርኔት ሊገባ ሲል ያፏጫል፣ ይንጫጫል፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ይተነፍሳል። እናቴ ያን ድምፅ ስትሰማ ማማሰያዋን አስቀምጣ ወንበር ትስብ ነበር።

የምንገባው ሐበሾች ወደሚጨዋወቱበት ገጽ ነው። ኮምፒውተሩ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ ሰው ሁሉ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የሚጽፈው። እናቴ ከወሎ የመጣች ናት፤ የእንግሊዝኛ ፊደል አታነብም። እኔ ደግሞ አማርኛ ብሰማም መልሴ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነበር። እናም እኔ በቅጡ የማይገባኝን አነባለሁ፣ እሷ ማንበብ የማትችለውን ትረዳለች። ምላሴ ሲኮላተፍ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

እስከዚያ ድረስ ቀኑን ሙሉ የሚያናግራት ሰው አልነበረም። በጥቂት ወር ውስጥ ግን የቶሮንቶዋን ነርስ የልጅ ሕመም፣ የዴንቨሩን ሹፌር የበረዶ ወሬ እንደ ጎረቤት ወሬ ትከታተል ጀመር። አብልጣ የምትወደው ሳን ሆዜ ቤቷ ውስጥ ጸጉር የምትሠራውን ሴት ነበር። ፊቷን አይተን አናውቅም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሼ ገጹን ስከፍት ያቺ ሴት ሁለት አጭር መስመር ጽፋለች። አነበብኩት፦ "ባሌ መታ። እስካሁን እያለቀስኩ ነው።"

የእናቴ ፊት ተለወጠ። "'መታ' ነው የሚለው? ደህና አድርገሽ እዪው።"

"አዎ፣ መታ" አልኳት።

"መታኝ" ልትል በጥድፊያ 'ኝ'ን ረስታ ይሆናል አለች እናቴ። ደህና ነሽ ወይ ብለን ጻፍን፤ መልስ የለም። በማግስቱም የለም። ሴትዮዋ ደንበኞቿ እንዲመጡ አድራሻዋን ገጹ ላይ ጽፋ ስለነበር፣ እናቴ አባቴን ውሰደኝ አለችው። እሱ በሰው ትዳር መግባት ነውር ነው ብሎ አመነታ።

"እዚህ አገር እህት የላትም" አለችው። "ያለሁላት እኔ ነኝ።"

አባቴ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ፤ ሄይዋርድ ከተማን አልፈን ሳን ሆዜ ደረስን። በሩን የከፈተልን ሹራቡን ገልብጦ የለበሰ፣ እንቅልፍ የተጫነው ቀጭን ሰው ነበር። እናቴ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ፦

"ወንድሜ፣ ሚስትዎን ይጥሩልኝ። ደህና መሆኗን በዓይኔ ሳላይ አልሄድም" አለችው።

ሰውዬው ግራ ተጋብቶ በካልሲው ወደ ውስጥ ሮጠ። ሴትዮዋ ዓይኗ አብጦ ብቅ ስትል እናቴ ከኦክላንድ ነኝ ብላ እቅፍ አደረገቻት፤ ለምን እንደመጣንም ነገረቻት። ሴትዮዋ ግድግዳ ተደግፋ መሳቅ ጀመረች።

"መታ አይደለም፣ መጣ ነው ያልኩት። አምስት ዓመት ጠብቄው፣ ቪዛው ተሳክቶ መጣልኝ። የማለቅሰው ከደስታ ነው።"

በእንግሊዝኛ ፊደል ሁለቱ አንድ ናቸው። በእኔም ጆሮ አንድ ነበሩ። እናቴ ሰውዬውን ይቅርታ ስትለምን "አሜሪካ ከገባሁ ሦስት ቀኔ ነው፤ ልታሳስሩኝ ነበር" አለና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ያን ቀን እስከ ምሽት አልለቀቁንም። ሁለቱ ሴቶች ለዓመታት የተዋወቁ ያህል እየተቀባበሉ ሲያወሩ፣ አባቴም ከሰውዬው ጋር ስለ መንጃ ፈቃድ ፈተና ሲያወራ ትዝ ይለኛል። እናቴን እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም።

በማግስቱ በቀን መቁጠሪያ ጀርባ "ተ" እና "ጠ" ጽፋ ከኮምፒውተሩ በላይ ለጠፈች። "ምላስሽን አጥብቀሽ ልቀቂው" እያለች አለማመደችኝ። ዓመቱ ሳያልቅ ፊደሉን ሁሉ ለየሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰው ወደ ሌላ ሌላ ገጽ ተበተነ። የእኛው መንደር ቀስ በቀስ ጭር አለ፤ አንድ ቀን ጭራሽ አልከፈት አለ። እናቴ ሳይሰናበቱ መለያየት ደግ አይደለም አለች። ወንበሯን ስባ እንድጽፍላት ነገረችኝ፦ "ያስቀየምኳችሁ ካለ አፉ በሉኝ። ልጆቻችሁን አላህ ያሳድግላችሁ።"

መላኪያ ቦታ አልነበረም። ቢሆንም ቃል በቃል ጻፍኩት፣ ቁልፉንም ተጫንኩ።

"ሄደ?" አለችኝ።

"ሄደ፣ እማ" አልኳት።