የሕፃናቱ ድስቶች

ሥራዬን ሲጠሩት ያምራል። የሥነ ምግብ አሠልጣኝ ይሉኛል። በተግባር ከወልድያ በሚኒባስ መርሳ እወርድና ከዚያ በባጃጅ ወደ ሀብሩ ገጠር ዘልቄ ከእናቶች ጋር ገንፎ አገነፋለሁ። ስድስት ወር ላለፈው ሕፃን እንቁላል ምቱበት፣ ጎመን ክተፉበት፣ ዘይት ጠብ አድርጉበት እላለሁ። ይሰሙኛል፤ ያደርጉታልም። ጾም ሲገባ ግን ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል።

ለምን እንደሆነ ለአለቆቼ ያላስረዳሁበት ስብሰባ የለም። "ሕፃን አይጾምም፤ ቄሱም ተናግረዋል። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?" ይሉኛል። ችግሩ ድስቱ ነው። በድሃ ቤት ለወጡም ለገንፎውም ያለው ድስት አንድ ነው፤ በሑዳዴ እንቁላል ከነካው ቤተሰቡ ሽሮ የሚሠራበት ያጣል። "አጥበው አይጠቀሙበትም?" ይላል ደግሞ አንዱ፣ ጾሞ የማያውቅ ይመስል። እናትየዋ ልጇን ማስጾም ሳትፈልግ ታስጾማታለች።

የፊተኛው ፕሮጀክት ይህ ገብቶት ለየቤቱ ትንሽ ብረት ድስት ሰጠ። እናቶቹ ከቤቱ ዕቃ እንዳይቀላቀል እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰሩበትና "የሕፃን ድስት" አሉት። ከእነሱ መካከል አንዲት ወጣት እናት ነበረች። የሴት ልጇን ክንድ በባለ ቀለሙ የክሳት መለኪያ ጥብጣብ ስለካ ቢጫው ላይ ይቆም ነበር፤ ከቢጫው ቀጥሎ ቀዩ ነው፣ ቀዩ ደግሞ ሆስፒታል ነው። በዚያች ድስት እያገነፋች ስታበላት ልጅቱ አረንጓዴው ጫፍ ላይ ደረሰች። እንደዚያ ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ ለጋሹ አቅጣጫ ቀየረ። ይህችን አባባል ስሰማ ራሴን ያመኛል። ፕሮጀክቱ ተዘጋ፤ ንብረት ይሰብሰብ ተባለ። መኪናውና ኮምፒውተሩ ይሁን እሺ፤ ድስት! አንዱ ብልህ ድስቶቹን በውሰት የተሰጡ ብሎ መዝግቧቸው ኖሯል። "ጥላሸት የለበሰ ድስት ማን ሊሠራበት ነው?" ብዬ ጮህኩ። "የለጋሽ ንብረት ነው፤ አሠራር ነው" ተባልኩ። ሑዳዴ ሊገባ ሲል እየዞርኩ ለቀምኳቸው። ያቺ እናት ድስቷን በአመድ ፈትጋ፣ ክሩን ፈትታ አስቀርታ ሰጠችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ድስቶቹ ዛሬም ወልድያ መጋዘን ውስጥ በተሰበሩ ወንበሮች ሥር ተቀምጠዋል።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ለጋሽ ተገኘ። የእሱ ገንዘብ ለግንዛቤ ማስጨበጫ ብቻ ነው። ድስት አይገዛበትም፣ ምግብ አይሠራበትም፤ ፖስተር ግን እንደ ልብ ነው። በጾሙ መካከል ድስቷን የወሰድኩባትን ሴት እንቁላል አብዪ ብዬ ልመክር፣ የእንቁላል ሥዕል ጠቅልዬ ሄድኩ። በመንገዱ ሁሉ ስነጫነጭ ባጃጅ ነጂው ምን ሆነች ብሎ ዘወር ዘወር እያለ ያየኝ ነበር።

ስደርስ ሕፃኗ ቤት የለችም። "እማማ ዘንድ ናት" አለችኝ እናቷ። ጎረቤቷ በዕድሜ የገፉ ሙስሊም ናቸው። ዘንድሮ ረመዳንና ሑዳዴ ተገጣጥመው ስለነበር እሳቸውም ጾመኛ ናቸው። ከንፈራቸው ደርቆ፣ በራሳቸው ድስት የእንቁላል ገንፎ አገንፍተው ልጅቱን ያጎርሷታል።

"እማማ፣ ጾመው እንዴት ይችሉታል?" አልኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ! እኔ ማታ አፈጥራለሁ፤ እሷ ምን በወጣት? የእናቷ ድስት ጾም ላይ ነው። የኔው እንቁላል አይፈራም።"

ክንዷን ለካሁ። አረንጓዴው ላይ ናት። እንባዬ መጣ።

ዝም ብል ምን ነበረበት! ቢሮ ገብቼ ያየሁትን አወራሁ። አለቃዬ ከወንበሩ ተነሣ። "አየሽ? ድስት ድሮም አያስፈልግም ነበር! ማኅበረሰቡ በራሱ ችሏል፤ ዘላቂነት ማለት ይኸው ነው። ሴትዮዋን ከነድስታቸው ፎቶ አንሺልን።" ባዶ አንጀታቸውን እሳት ዳር የተቀመጡ አሮጊት ደግነት የእኛ ውጤት ሊባል ነው፤ ለከርሞ ድስት ላለመግዛትም ማስረጃ ሊሆን። ተከራከርኩ፣ ተቆጣሁ፤ ሰሚ አልነበረም።

የፕሮጀክቱን ሰደርያ ለብሼ፣ ካሜራ ይዤ ተመለስኩ። እማማ ደጃፋቸው ላይ ገንፎውን ሊያወጡ ነበር፤ ልጅቱ ጉልበታቸው ላይ ናት።

"እማማ፣ ከድስቱ ጋር ፎቶ ላንሳዎት?"

ሰደርያዬን አዩት፤ ካሜራውን አዩት። ሕፃኗን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡና ድስቱን በሻርፓቸው ጫፍ ይዘው ከነትኩሱ ወደ ጓዳ ገቡ።

"ልጄ፣ ይህን እንኳ መርሳ ገበያ ራሴ የገዛሁት ነው" አሉኝ ከውስጥ ሆነው። "ወላሂ፣ የናንተ አይደለም።"