ካማረችዎትማ የርስዎ ትሁን

የማዳምን አባያ እየተኮስኩ ሳለ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቅና «እዪ፣ እዪ» አለችኝ። እሷና እህቷ ለእረፍት የሚሄዱባት ትንሽ ከተማ እየመረጡ ነው። ቢጫ ቅጠል የረገፈበት የድንጋይ መንገድ፣ ቀይ ጣሪያ፣ ሐይቅ፣ ሐይቅ ዳር ተቀምጠው የሚስቁ ሰዎች። ዶሃ ላይ ሙቀቱ ሰበር ሲል የሰፈራችን የአል አዚዚያ ሰው ወሬው ሁሉ ጉዞ ነው። ያንቺስ አገር እንዲህ ያለች ቆንጆ ትንሽ ከተማ አላት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም ማዳም፣ ድንጋይና አቧራ ነው አልኳት። ዋሸኋት፤ ደግሜ ብትጠይቀኝ ደግሜ እዋሻታለሁ።

እኔ ያደግሁት ሐይቅ ነው፤ ከደሴ ትንሽ ወጣ ብላ፣ በስሟ ውሃ አጠገብ የተቀመጠች ከተማ። መስከረም ገብቶ ጭቃው ሲጠነክር እንደሷ ያለ አገር አላየሁም። ጠዋት ጭጋጉ ከውሃው ላይ ይነሳል፣ ዳር ዳሩን ደንገሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል፣ የሚጠበሰው አሳ ሽታ ከእርጥብ ሣር ጋር ተቀላቅሎ እስከ ትምህርት ቤታችን በር ድረስ ይከተለናል። እኛ መንገዱ ላይ ሰኞ ማክሰኞ አስምረን እንዘላለን፤ መኪና ሲመጣ ተበታትነን፣ ሲያልፍ ተመልሰን እንዘላለን። ደብተሬን በጋዜጣ የሸፈንኩበት የሙጫ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ ነበርና ለአዲሱ ዓመት ትምህርት የነበረኝን ጉጉት አትጠይቁኝ።

ቅዳሜና እሁድ ከደሴም ከአዲስ አበባም ሰው ይመጣል። አየር ልንቀይር ነው ይላሉ። አባቴ፣ አብዬ ነበር የምንለው፣ ግቢያችን ውስጥ አሳ እየጠበሰ ይሸጥላቸዋል። ታዲያ ሸጦላቸውም ቢሆን ደንበኛ ሲላቸው ሰምቼ አላውቅም፤ እንግዳ ነው የሚላቸው። እንግዳ ያደነቀው ዕቃ እቤት አያድርም ይባላል በኛ ዘንድ። አንዷ እንግዳ ማሩ እንዴት ይጣፍጣል ካለች ማሩ ተጠቅልሎ ይሰጣታል። ሌማቱ ያምራል ካለች እናቴ ከንፈሯን ነክሳ ሌማቱን ታወርዳለች።

ልጅ ሲሆን ግን ወጉ ሌላ ነው። እንግዳው ልጁን ያደንቃል፣ አባት «ካማረዎትማ የርስዎ ይሁን» ይላል፣ እንግዳውም «ያሳድግልዎ» ብሎ ይመልሳል። በቃ፣ ለአፍ ያህል ነው። እኔ ራሴ በልጅነቴ ለስንቱ ተሰጥቼ ለስንቱ እንደተመለስኩ! ይህን ወግ የማያውቅ ሰው ዓለም ላይ ያለ አይመስለንም ነበር።

አለ ለካ። አንድ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ባልና ሚስት በመኪና መጡ። ሴትዮዋ ሁሉን ነገር ትወዳለች፤ ውሃውን፣ ታንኳውን፣ አህያውን ሳይቀር ወደደች። አሳው ቀርቦ እጇን ሳስታጥባት አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝና እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት አለች። አብዬ እንደ ወጉ፣ ከምጣዱ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ካማረችዎትማ የርስዎ ትሁን» አላት። ሴትዮዋ እጇን አጨበጨበች። ወደ ባሏ ዞራ፣ ሰማህ አይደል፣ እኛ ጋ ሆና ጥሩ ትምህርት ቤት ትገባለች አለች። ባሏም ጥሩ ነው አለ። አብዬ ማገላበጫውን እንደያዘ ቀረ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ እንመለሳለን፣ ያን ጊዜ እንወስዳታለን ብለው ወደ ማደሪያቸው ሄዱ። እናቴ ያን ቀን ያላለችው የለም። ለወግ ነው ያልኩት በላቸው፣ ሰው ናቸው ይገባቸዋል ብላ ለመነችው። ልጄ አንደኛ የወጣችው ለሰው ቤት ነው ወይ ብላም አለቀሰች። አብዬ የመለሰላት አንድ ነገር ነው።

«ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እንግዳ ፊት ቃሌን ልጠፍ?»

እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። የአባቴን ልብ ስለማውቅ አልፈራሁም። መኪናው ሲመጣ አንድ ነገር ይላል፣ ተሳስቀን እንሸኛቸዋለን ብዬ ደብተሬን ለሰኞ አዘጋጀሁ። መኪናው መጣ። አብዬ ከመኪናው የኋላ በር አጠገብ ቆሞ አፉን ከፈተ። ሁላችንም ጠበቅን። «ሻርፗን አትርሱባት፣ ብርድ አትችልም» አለ። በሩ ተዘጋ።

ሴትዮዋ ክፉ ነበረች ማለት አልችልም፤ ክፉ ብትሆን እኮ ይቀለኝ ነበር። አንድ መንፈቅ ተማርኩ። ከዚያ ወለደች፤ ለጊዜው ልጁን ያዢልኝ ተባልኩ። ትምህርቱ ለሚቀጥለው ዓመት ተባለ፣ የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ለሚቀጥለው። የመጀመሪያው ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ቦርሳውን ተሸክሜ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ኋላ አድጌ ለሰው ቤት ሥራ ዶሃ ስመጣ፣ እዚህ ሰፈር ያሉ ያገሬ ሴቶች ሹግሉን እንዴት ትለምጂው ይሆን ብለው አዘኑልኝ። ምኑን ነው የምለምደው? ስሠራው ያደግሁት ሥራ ነው።

ማዳምና እህቷ ከተማቸውን መርጠው ሄዱ። እኔን ከማዳም እናት ጋር ትተውኛል። አሮጊቷ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ለአብዬ ደወልኩ። አርጅቷል፣ ጆሮውም ከብዷል። ድሮ ሰኞ ማክሰኞ የምንዘልበት መንገድ ላይ አሁን መኪና በመኪና ሆኗል አለኝ። ውሃው ዳር ሎጅ በሎጅ ሆኗል፣ ቅዳሜና እሁድ ሰው አይቻልም፣ ሁሉም ፎቶ ያነሳል አለኝ። ጥሩ ነው አልኩ። ከዚያ ዕድሜ ልኬን ዋጥ አድርጌ የኖርኩት ወጣ።

«አብዬ፣ ያን ቀን ለምን ዝም አልክ?»

ጆሮው ስለከበደው ጮክ ብዬ ደገምኩለት።

«ያሳድግልዎ ትላለች ብዬ ነዋ» አለ። «እስከ መኪናው ድረስ ጠበቅኋት እኮ፣ ልጄ። በሩን እስክትዘጋ ጠበቅኋት።»

አብሽር አብዬ አልኩት። ሌላ ምን ይባላል።