ሐይቅ ዳር የተዘጋው ስብሰባ

ባለፈው ቅዳሜ ሐይቅ ከተማ ዓሣ ቤት ተቀምጬ የተጠበሰ ቆሮሶ ስጠብቅ፣ የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ የቦርድ ስብሰባ በቀጥታ ሲተላለፍ ስልኬ ላይ አገኘሁ። አጠገቤ ያሉ ጎረምሶች ኳስ መስሏቸው አንገታቸውን አስግገው አዩና ተመለሱ። እኔ ግን ዓሣው መጥቶ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም።

ከዓመታት በፊት እኔም እንዲህ ያለ የቦርድ ስብሰባ ላይ ስቀመጥ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የተማሪዎች ተወካይ ተብዬ፣ ድምፅ ሳይኖረኝ ከቦርዱ ጋር እቀመጥ ነበር። ያ ስብሰባ የተጠራው እዚሁ፣ ውኃው ዳር ካለ አዳራሽ ነው። ወሩ መስከረም ነበር፤ ጉሙ ከሐይቁ ላይ ቀስ እያለ ሲነሳ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች አንዴ ይታያሉ፣ አንዴ ይጠፋሉ። ዛሬ ሳስበው ሁሉንም በሕልሜ ያየሁት ይመስለኛል። ምነው ሕልም በሆነ።

አጀንዳው አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ያለው የግጦሽ መስክ ለዩኒቨርሲቲው ምርምር ይታጠር አይታጠር የሚል ነበር። የአጎቴ የአያ ሰይድና የጎረቤቶቹ ከብቶች የሚውሉት እዚያ ነው። እነሱም ወሬውን ሰሙ። ስብሰባ ሲባል እንደ አገራችን ሽምግልና ዛፍ ሥር፣ መንገደኛው ሳይቀር አረፍ ብሎ የሚሰማው መስሏቸው፣ ለቦርዱም የሚበቃ የበቆሎ እሸት ቀቅለው በእግራቸው መጡ። ዘበኛው ከለከላቸው። አልተቆጡም፤ በሩ ፊት ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠው ጉባኤው በሰላም እንዲያልቅ ዱአ ያደርጉ ጀመር። በመስኮቱ አያቸው ነበር።

ሰብሳቢው፣ እዚህ የተባለ እዚሁ ይቀራል ብለው ገና ሳንጀምር ቃል አስገብተውን ነበር። ይታጠር ተባለ። ውጭ ያሉትን እንጠይቃቸው ያለ አልነበረም፤ እኔም አላልኩም።

ስወጣ አያ ሰይድ የቀዘቀዘ እሸት ከፎጣው ፈትቶ ሰጠኝ።

«ምን ተባለ?» አለኝ።

«አያ፣ ቃለ ጉባኤው ሲጸድቅ ይነገራችኋል።»

«ደግ ነው። አልሃምዱሊላህ፣ አንተ ካለህበት ምን ያሰጋናል።»

እሸቱን እዚያው ቆሜ በላሁት። ወሩ ሳያልቅ አጥሩ ቆመ። አያ ሰይድ በሬዎቹን ሸጠ፤ እኔ ተመረቅሁ። እስኪሞት ድረስ ያን ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ስብሰባው ወደ መሬት ጉዳይ ሲደርስ ሰብሳቢዋ «ይህን በዝግ እንየው» አሉና ምስሉ ጠፋ። ከጠቆረው ስክሪን ሥር አስተያየት መጻፊያ ቦታ ነበር።

«ምን ተባለ?» ብዬ ጻፍኩና፣ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።